ሰርግ ሊበትኑ የነበሩት ሁለት ቤዦች!

ዛሬ የምናወጋው ስለ ቀለም ነው። ቀለም ስላችሁ ተማሪ ቤት «ቀለም ገብቶታል» እየተባለ የሚወራለትን አይደለም። የግድግዳ ቀለም ነው። ከግድግዳ ቀለምም ደግሞ ያን ቤዥ የሚባለውን! አንዳንዱ ክሬም ይለዋል፣ አንዳንዱ ፈዛዛ ቡኒ ይለዋል፣ ቀለም ቀቢው ደግሞ «ያው ነጣ ያለ ነገር ነው» ብሎ ይገላገላል።

«አሁን ስለ ቤዥ ምን ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም። ሰው ቤዥ የሚመርጠው እኮ ምርጫ ሲሰለቸው ነው። ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል፣ አረንጓዴው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ያስመስለዋል፣ ሮዙ የሕፃን ክፍል ያደርገዋል… «በቃ ቤዥ ይሁን!» ይባልና ይታለፋል። ጣጣው የሚጀምረው ታዲያ እዚያ ላይ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንዱ ቀለም ቤት ጎራ ብላችሁ «ቤዥ ስጠኝ» ስትሉት ልጁ ካርዱን ይዘረጋዋል። አንድ መስሏችሁ ሄዳችሁ ሠላሳ ቤዥ ተኮልኩሎ ይጠብቃችኋል። ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ሁሉም ደግሞ ይለያያል። አንዱን ስታነሱ ሌላው ይሻላል፣ ያኛውን ስታነሱ የመጀመሪያው ይናፍቃችኋል። እንደ እጮኛ ምርጫ በሉት! (እጮኛ ያላችሁ ይህቺን ዝለሏት።)

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ሁለት እጮኛሞች በዚሁ በቤዥ ጉዳይ ተጣልተው «ዳኛ ሁንልን» ብለው ጠርተውኝ ነበር። ልጁ 29 ዓመቱ ነው፣ ኮምፒዩተር ጥገና ላይ ይሠራል። እሷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ከሱ በሁለት ዓመት ታንሳለች። ሰርጋቸው ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ተከራይተዋል። አንደኛው መኝታ የነሱ ነው። ሁለተኛው የልጁ እናት የሚገቡበት ነው። እናትየው ካዛንቺስ ከኖሩበት ቤት የኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲደርስ፣ በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ተነስተው እስካሁን እህታቸው ዘንድ ተጠግተው ነው ያሉት። የቀለሙንና የቀቢውን ገንዘብ የላከችው ደግሞ ቨርጂኒያ ያለችው የልጁ እህት ነች። የላከችውም አንዴ ነው፣ ሁለተኛ የለም። አከራዩም «ቀብታችሁ ግቡ፣ ከኪራዩ ግን ሳንቲም አልቀንስም» ብለዋል። እንግዲህ ቀለሙ ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው። ሌላ ዙር የለም።

ልጅቷ የፈለገችው በካርዱ ላይ ቁጥሩ 17 የሆነውን ነው። ልጁ የፈለገው 14ን ነው። ካርዱን ተቀብዬ አየሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢጠየቅ «አንድ ናቸው» ነው የሚለው። እነሱ ግን ለሦስት ቀን ስልክ አልተደዋወሉም።

«ጋሼ፣ ይሄ 14 ቢጫ እኮ ነው፣ ሽሮ ነው የሚመስለው!» አለችኝ እሷ።

«17 ደግሞ አመድ ነው» አለ እሱ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህን ለመረዳት ቤዥ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠሩበት ያልተነከረና ያልነጣ የሱፍ ጨርቅ ነበር። እኛ አቡጀዲ እንደምንለው ዓይነት፣ ግን ከበግ ጸጉር። ዛሬ በቀለም ቤቱ ማሽን የሚሠራው ቤዥ ደግሞ አብዛኛው ነጭ ነው። ነጩ መነሻ ላይ ጥቂት ቢጫ፣ ጥቂት ቀይ፣ ጥቂት ጥቁር ይንጠባጠብበታል። ቢጫውና ቀዩ ብዙ ጊዜ የብረት ዝገት ቤተሰብ ናቸው፣ የቀይ አፈር ዘመድ በሏቸው። እንግዲህ ሠላሳውም ቤዥ የሚለያየው በነዚህ ጠብታዎች ነው። ቀዩ ከበዛ ሮዝ ሮዝ ይላል። ቢጫው ከበዛ ቅቤ ይሆናል። ጥቁሩ ከበዛ ወደ አመድ ይሄዳል። ቢጫና ጥቁር ተገናኝተው ቀይ ከጎደላቸው ደግሞ (ይህን ልብ በሉ!) አረንጓዴ አረንጓዴ ማለት ይጀምራል። «ቤዥ ቀብቼ እንዴት ግድግዳዬ የሻገተ መሰለ?» ብላችሁ የተገረማችሁ ካላችሁ መልሱ እዚህ ጋ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ካርዶች ብቻ ጎን ለጎን ይዛችሁ ብታፈጡ የውስጣቸውን ቀለም አታገኙትም። አጠገባቸው ንጹሕ ነጭ ወረቀት አድርጉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ተራ ወረቀት ይበቃል። ያን ጊዜ ቤዡ የደበቀውን ያወጣል። እኛም እንደዚያ ስናደርግ 14 ቢጫነቱ ፈጦ ወጣ፣ 17 ደግሞ እሱ እንዳለው አመዱ ታየ፣ ትንሽ ሮዝም ከሥሩ አለችበት።

ነጭ ወረቀት ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በዚህ ነጭ የመምረጥ ጉዳይ ትልልቅ ሳይንቲስቶችም ተሳስተዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ካርል ግሌዝብሩክና ኢቫን ባልድሪ የተባሉ ሁለት የሰማይ ተመራማሪዎች ከ200,000 የሚበልጡ ጋላክሲዎችን ብርሃን ደባልቀው «አጽናፈ ዓለሙ በአማካይ ምን ዓይነት ቀለም አለው?» ብለው አሰሉ። ጥር ላይ የወጣው መልስ ፈዛዛ ሰማያዊ አረንጓዴ ነበር። ጋዜጣው ሁሉ ተቀባበለው። ኋላ ሲመረመር የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ እንደ ነጭ የወሰደው መነሻ ትክክል አልነበረም። ነጩ ሲስተካከል መልሱ ምን ሆነ? ቤዥ! ስሙንም ኮስሚክ ላቴ አሉት፣ «ሰማያዊ ማኪያቶ» እንደማለት። እና ለእጮኛሞቹ ይህን ስነግራቸው ልጅቷ ሳቀች። ሦስት ቀን ሙሉ ስትኮሳተር ከርማ ማለት ነው። «ታዲያ አጽናፈ ዓለሙ 14 ነው 17?» አለች። (ካርዱ ላይ ካሉት ሁሉ ይልቅ ወደ ነጭ የቀረበ ነው፣ ማንንም አይደግፍም።)

ወደ ቤቱ እንመለስ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ በብሩሽ የተቀቡ ሁለት ጥፍጣፊዎችን ነው። ጎን ለጎን፣ እያንዳንዳቸው መጽሐፍ ያክላሉ። ግድግዳው የቀድሞ ተከራይ የቀባው ውሃ ሰማያዊ ነው። ጥሉ የተጀመረው በዚህ ግድግዳ ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱም በሰማያዊ መሃል የተቀመጠ ማንኛውም ቤዥ ከራሱ በላይ ቢጫና ብርቱካን ይመስላል። ዓይናችን ቀለምን ለብቻው አያይም፣ ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ነው የሚያየው። ሚሼል ኦዤን ሼቭረል የሚባል የፈረንሳይ ኬሚስት ነበር፣ ፓሪስ በጎብላን የምንጣፍና የግድግዳ ጨርቅ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ። ደንበኞች «ጥቁሩ ክር ደክሟል፣ ቀለማችሁ ጥሩ አይደለም» እያሉ ያስቸግሩት ነበር። እሱ ቢመረምር ቀለሙ ደህና ነው፤ ጥቁሩን ያደከሙት አጠገቡ የተሸመኑት ሌሎች ቀለሞች ናቸው። ይህን በ1839 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። 102 ዓመት የኖረ ሰው ነው፣ ቀለም አያስረጅም መሰለኝ።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ እንዳትሞክሩ። ግድግዳ ላይ ከሞከራችሁ መጀመሪያ ነጭ ቀብታችሁ ነው። እኛ ያደረግነው ከዚህ የቀለለ ነው። ከሱቅ ሁለት ትልልቅ ካርቶን አመጣን፣ የማቀዝቀዣ ካርቶን ነበር። አንዱን ገጽ ነጭ ቀባነውና ሲደርቅ በእያንዳንዱ ላይ ከሁለቱ ቤዥ አንዱን ሁለት እጅ አስቀባነው፣ ዙሪያውን የአራት ጣት ስፋት ነጭ አስተርፈን። ቀቢው «እናንተ ሰዎች ካርቶን ልታገቡ ነው እንዴ?» እያለ ነው የቀባልን። ሁለት እጅ ያልኩት በምክንያት ነው። በአንድ እጅ ከሥር ያለው ይታያል። ሲደርቅም ጠብቁት፣ የውሃው ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል። እርጥቡን አይታችሁ «ነጥቷል፣ ጨምርበት» ብትሉ በማግስቱ ታዝናላችሁ። አንጸባራቂውና ድብዝዙም አንድ አይሆኑም። ያው ቁጥር በሚያብለጨልጭ ቀለም ሲሠራ ደመቅ ጠለቅ ይላል፣ የስቱኮውንም ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። ለመኝታ ቤት ድብዝዙ ይሻላል፣ ልጅ ላለበት ቤት ደግሞ የሚታጠበው።

ካርቶኑ ጥሩነቱ ይንቀሳቀሳል። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥነው፣ ጥጉ ውስጥ ከተትነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ላይ አቆምነው፣ የተገዛው መጋረጃ ሥር አደረግነው። ጥጉ ውስጥ 17 ሌላ ሰው ሆነ! ሁለቱም ካርቶን ጥግ ላይ ሲገናኝ ደግሞ ይበልጥ ጠለቀ። ይህ የሚሆነው ግድግዳዎች ብርሃን ስለሚወራወሩ ነው። ከአንዱ የነጠረው ብርሃን ቀለሙን ይዞ ሌላው ላይ ያርፋል። አራት ግድግዳ ሲቀባ እንግዲህ ከካርዱ ይልቅ ቀለሙ ይጠነክራል፣ ቢጫ የነበረው ይበልጥ ቢጫ፣ አመድ የነበረው ይበልጥ አመድ። ከሁለት አንዱን መወሰን ያቃተው ሰው ፈዘዝ ያለውን ቢወስድ ብዙም አይጎዳ።

አሁን ትልቁ ነገር፣ ብርሃን። የውጭ መጽሔት የምታነቡ «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ ወደ ደቡብ የሚያይ ሞቃት ነው» የሚል ነገር አይታችሁ ይሆናል። ለለንደን ልክ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ወደ ሰሜን የራቅነው። እኛ ዘንድ ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንስቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት፣ የቀረውን ወራት በደቡብ። ታኅሣሥ ላይ በደቡብ መስኮት ዘልቃ ትገባለች። በሰሜን በኩል የምትመጣበት ጊዜ ግን አብዛኛው ክረምት ነው፣ ደመና ይሸፍናታል። ስለዚህ የሰሜኑ ክፍል እኛም ጋ ደብዘዝ ማለቱ አልቀረም። ይልቅ የአዲስ አበባ ሰው በይበልጥ ማየት ያለበት ምሥራቅና ምዕራቡን ነው። የምሥራቅ መስኮት ጠዋት ያበራል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል። የምዕራቡ ከሰዓት በኋላ ቢጫ ብርሃን ያፈስበታል፣ እዚያ ላይ ቢጫ ቤዥ ከጨመራችሁ ቅቤ ገንቦ ውስጥ እንደመኖር ነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ያለውንም አትርሱ። ባሕር ዛፍ ካለ አረንጓዴ ብርሃን ይልክላችኋል፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ብሎክ ካለ ደግሞ ቀይ።

የእጮኛሞቹ ሳሎን ምሥራቅ ነው። የእናትየው መኝታ ሰሜን ነው፣ ፊት ለፊቱም ሌላ ብሎክ ቆሟል። ጥሉ የነበረው ደግሞ በአንድ ቀለም ቤቱን ሙሉ ለመቀባት ነበር፣ «ሁለት ቁጥር ከገዛን ይባክናል» በሚል ስሌት።

በዚህ መሃል ቨርጂኒያ ገባች። ልጁ የሁለቱን ካርቶን ፎቶ ለእህቱ ላከላት። ከደቂቃ በኋላ ደወለች። «ገንዘቤን ነው የላክሁት፣ 14ን እንዳትነኩት፣ ቡኒ ነው! 17 ግን ነጭ ነው፣ እሱን አድርጉ!» አለች። 17 ነጭ? ካርቶኑን ዞረን አየነው። ስልኩ እኮ የራሱን ነጭ ገምቶ ነው ፎቶውን የሚያስተካክለው፣ የእሷ ስልክ ደግሞ በራሱ መንገድ ያሳያታል። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያጨቃጨቀችውን ቀሚስ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ ለተደረገ ሰርግ የተገዛች፣ የሙሽሪት እናት የምትለብሳት ቀሚስ ነበረች። ፎቶዋ ሲለቀቅ ግማሹ ሰው «ነጭና ወርቃማ ናት» አለ፣ ግማሹ «ሰማያዊና ጥቁር» አለ። ቀሚሷ ሰማያዊና ጥቁር ነበረች። ዓይናችሁ ብርሃኑን በምን እንደገመተው ነው ልዩነቱ። ቀሚስ ላይ እንዲህ ከሆነ በቤዥ እንዴት ይሁን! በስልክ ፎቶ ቤዥ አትምረጡ። ውጭ ያለ ዘመድ ገንዘብ ከላከ አመስግኑት፣ ቁጥሩን ግን እዚህ ያለው ሰው ይምረጥ። ይህን ለእህትየው የነገራት ማን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ፣ ዳኛ ብለው ጠርተውኝ የለም!

ከዚያ መሸ። መብራት አበራን። ብዙ ቤት እንዳለው እዚያም የተሰቀለው ነጩ አምፖል ነው። ካርቶኑ ላይ ብታዩት 6500 ኬ የሚል ተጽፎበታል። ይህ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ነው። 2700 ወይም 3000 የተጻፈበት ደግሞ ቢጫው፣ የድሮ አምፖል ዓይነት ነው። ቀን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቤዦች ማታ አምፖል ሥር ሊለያዩ ይችላሉ፣ ቀን የተለያዩትም ሊመሳሰሉ ይችላሉ፣ የተሠሩበት ጠብታ ስለሚለያይ ነው። ነጩ አምፖል ሥር 14 አረንጓዴ ነካ አደረገችው። 17 ደግሞ ሮዙ ጠፋና ጥርት ያለ አመድ ሆነ።

እናትየው የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። እህታቸው ዘንድ ያለውን ቅራቅንቦ በጥቂት በጥቂቱ እያመላለሱ ነበር። ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ሞራ ጀምሯቸዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና ሰላምታ ተለዋወጥን። ልጅቷ ወንበር አቀረበችላቸው። ካርቶኖቹ የሳቸው ክፍል ውስጥ ነበሩ የቆሙት። እሳቸው ገብተው 17 ያለበት ካርቶን ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይሄ የሱ ክፍል ነው» አሉ።

ማንም አልተነፈሰም። ልጁ አንገቱን ደፋ።

ለካስ ነገሩ እንዲህ ኖሯል። የልጁ አባት ከማረፋቸው በፊት ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝተዋል። እናትየው ሁለት ወር ሙሉ አልጋው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ያን ግድግዳ ሲያዩ ነው የከረሙት። ግድግዳው 17 ነበር ማለት አይደለም። ነጭ አምፖል ሥር ያለ አመድ የነካው ቤዥ ነበር፣ ይበቃል። ልጁም ገና ካርዱ ላይ ሲያየው ታውቆት ነበር። ለእጮኛው ግን አልነገራትም። «ሰርግ ሊደገስ ስለ ሞት ምን አወራለሁ፣ ሟርት ይሆንብኛል ብዬ» አለኝ በኋላ፣ ደረጃው ላይ። እሷ ደግሞ በበኩሏ የመሰላት ሌላ ነው። «ገና ሳንጋባ እናቱን እየሰማ ነው የሚያዘኝ» ብላ ነበር። ሦስት ቀን ስልክ የተዘጋው በዚህ ነው። እሱ በዝምታው ደግ የሠራ መስሎታል። እኔ ይህን ዓይነቱን ደግነት ብዙም አልወደውም። ሰውዬው ቀለም ቢጫ ይሁን አመድ ይከራከራል እንጂ ምክንያቱን አይነግርህም፣ አንተ ደግሞ ቀለሙን እየተከራከርክ ትቀራለህ።

ልጅቷ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ካርቶን 17ን አንስታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው። «እማማ፣ ይሄ እዚህ አይቀባም» አለች። ከዚያ ሻይ ልታፈላ ሄደች። እኔ ከዚያ በላይ ምን እጨምራለሁ?

የቀረው የሙያ ሥራ ነበር። 17 እንደ ቀለም ጥፋት የለበትም። ምሥራቅ መስኮት ያለው ሳሎን ውስጥ የጠዋት ፀሐይ ስትመታው ደስ የሚል የማኪያቶ ወተት ዓይነት ይሆናል፣ ስለዚህ ሳሎኑን እሱ ወሰደው። አምፖሉን ግን ወደ 3000 ቀየሩት፣ እናትየው ማታ ሳሎን ሲቀመጡ አመዱ እንዳይመጣባቸው። ለእናትየው ክፍል 14 ተመረጠ። እንዳለ ግን አይደለም፣ ሙሉውን ከቀቡት የልጅቷ ሽሮ ይመጣል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በማሽን የሚያቀላቅል ቀለም ቤት «ያንኑ ቁጥር በግማሽ ጠብታ ሥራልኝ» ብትሉት ይሠራላችኋል። ያው 14 ነው፣ ግን ፈዞ። ሁለት ቤዝ መሃል ስትዋልሉ ሦስተኛ ቁጥር ከመፈለግ አንዱን በግማሽ ማሠራት ይቀላል። በዚህም ላይ ካርቶን ሞክረን ነበር፣ በነጩም በቢጫውም አምፖል አየነው። እናትየው «ይሄ በሶ ነው» አሉ። መውደዳቸው ነው።

ዓይናቸውስ? ይህ ሁሉም ሰው የሚዘነጋው ጉዳይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ራሱ ቢጫ እያለ ይሄዳል፣ ሞራ ሲጨመርበት ደግሞ ተቀራራቢ ቀለሞች ይዋጣሉ። ቤዥ ግድግዳ፣ ቤዥ በር፣ ነጭ ማብሪያ ማጥፊያ ለወጣት ዓይን ያምራል፣ ለሳቸው ግን ሌሊት ሽንት ቤት ፍለጋ ሲነሱ በሩ የት እንዳለ አይታይም። ስለዚህ የበሩ መቃን በጠቆረ ቡኒ ዘይት ቀለም ተቀባ፣ የማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያም እንደዚሁ የእጅ መዳፍ ያክል። አዛውንት ያለባችሁ ቤት ከሠላሳው ቤዥ መሃል ስታማርጡ ከመዋላችሁ በፊት ይህችን አድርጉ።

ሂሳቡንም ልስጣችሁ፣ እንዳትበሉ። የእናትየው ክፍል 3 ሜትር ተኩል በ3 ሜትር ነው፣ ዙሪያው 13 ሜትር። ከፍታው 2 ሜትር ከ60። ሲባዛ 34 ካሬ ገደማ ይመጣል፣ በርና መስኮት ሲቀነስ 30። ሁለት እጅ ስለሚቀባ 60 ካሬ በሉት። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በደህና ስቱኮ ላይ በግምት 10 ካሬ አንድ እጅ ይሸፍናል፣ ስለዚህ 6 ሊትር። ግድግዳው ሻካራ ከሆነ ይጨምራል። ቀቢው «12 ሊትር ያስፈልጋል» ካላችሁ ፈገግ በሉና ሜትሩን አውጡ። ጣሪያው ለብቻው ነው፣ ጣሪያ ነጭ ይሁን፣ ጣሪያን ቤዥ የሚቀባ ሰው ክፍሉን ዝቅ ያደርገዋል።

የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቀን ግዙ። አንድ ቁጥር ሆኖ ዛሬ የተቀላቀለውና በሳምንቱ የተቀላቀለው በጥቂት ጠብታ ሊለያይ ይችላል፣ ቤዥ ላይ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ማለት ሌላ ቤዥ ማለት ነው። ጋሎኖቹ ሁለት ሦስት ከሆኑ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ አንድ ላይ አማስሏቸው፣ ከዚያ ሩሎው ይነከር። አለበለዚያ ግድግዳው መሃል ላይ መስመር ይወጣል፣ ቀን አይታይም፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያል። ሲያልቅ የቀረውን ትንሽ ቀለም ጠርሙስ ውስጥ አስቀሩ፣ ቁጥሩንና «ግማሽ» መሆኑን ቁም ሳጥን በር ውስጥ በኩል በእርሳስ ጻፉት። አልጋ ሲገባ ግድግዳ መጫሩ አይቀርም። የነሱም አልጋ ሲገባ ጫረ፣ በሁለት ቦታ።

አሁን ቤቱ ተቀብቷል። ሽታው እስኪወጣ መስኮቱ ተከፍቶ ነው ያለው። እናትየው ገና አልገቡም፣ ግን አንድ ነገር ቀድመው አስገብተዋል፤ የባለቤታቸውን ፎቶ ይዘው መጥተው ራሳቸው ሚስማር አስመትተው ሰቅለውታል፣ በ14 ግማሽ ላይ። ልጅቷ ደግሞ ሳሎኗን ፎቶ አንስታ ለቨርጂኒያዋ ላከችላት። «አላልኳችሁም፣ ነጭ ነው!» ብላለች እህትየው። ለሰርጉ ስትመጣ ታየዋለች።